ተራ ቁጥር አርባ አንድ

መሐል ሜዳ፣ ኅዳር፤ ቆርቆሮው ይንቋቋል፣
ከጓሳ የወረደ ነፋስ በር ያንኳኳል።
መብራት ዛሬም የለም፤ አንድ ሻማ ለሦስት፣
እኔና ሁለቱ የጸሎት ቤት አዛውንት።
ከፊታችን መዝገብ፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፣
የባፕቲስቶች ስም፣ ከመነሻው፣ ሰው በሰው።

ተራ ቁጥር አርባ አንድ፦ ማንያዘዋል ደምሰው።
ሥራ፦ ባና ሠሪ።
የተጠመቀበት፦ ጥር፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ውርጩ ወንዙን ሳይለቀው።
የሚገኝበት ሁኔታ፦
ባዶ ነው። ለዚህች ባዶ ነው መሰብሰባችን ማታ።

ጋሽ ይፍሩ ጀመሩ፣ ጉሮሮ ጠራርገው፦
«ደጃችንን ሳይረግጥ ስድስት ዓመት ሆነው።
አረቄ ቤት ከፍቷል፤ ይሁን፣ እሱስ ይታለፋል፣
‹አላምንም› ብሎ ግን ገበያ መሐል ምሏል።
ገብስ አታውቅም፣ ዘውገ? አሽቶ፣ ዛላው ጎንብሶ፣
ሊታጨድ ሦስት ቀን ሲቀር፣ ውርጭ ያድራል ገስግሶ፤
ጠዋት በእጅህ ብታሸው፣ ገለባ ነው የሚቀረው፤
‹ትናንት እሸት ነበር› ብሎ ጎተራ የሞላ ማነው?
መስመር ይሰመርበት። ልጄ፣ አስምሪው።»

ጋሽ ዘውገ በአፍንጫቸው ሳቁ፣ የሸማኔ ሳቅ፦
«ስለ ገብስ እንጃ፤ ሱፍ ነው እኔ የማውቅ።
የበግ ጸጉር ፈትለህ፣ ሠርተህ፣ ፍል ውሃ አፍስሰህ፣
ሌሊቱን በተረከዝህ ረግጠህ ረግጠህ፣
አንዴ ከተያያዘ፣
ጭቃ ላይ ጣለው፣ ቅደደው፣ አይጥ ይብላው፣
ተመልሶ ጸጉር አይሆንም፤ ባና ነው።
የቆሸሸ ባና፤ ግን ባና።
ያዢው እጅ ሳይዝል፣ የተያዘው በምን ወድቆ ይጠፋና?»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»
«ምናልባት... ድሮም አልነበረ።»
«አልነበረም?» ጠረጴዛው ተመታ፤ ነበልባሉ ተሰበረ።
«ከውሃው ያወጣሁት እኔ ነኝ! በዚህ ክንዴ!
ጥርሱ እየተንገጫገጨ ሲስቅ፣ ሲያለቅስ፣ ሁለቱንም በአንዴ፤
ያ ሁሉ ሐሰት ነበር በለኝና ልመንህ እንዴ?»

እኔ ዝም። ቀለሙ በብርድ አልወርድ ብሎኝ፣
ብዕሬን እፍ እላለሁ፣ ትንፋሼ እንዲያሞቅልኝ።
እነሱ ያውቃሉ፤ ለእናንተ ነው ያልነገርኩት፦ አርባ አንድ አባቴ ነው።
ስሙን ያወጡት አያቴ፣ ለኩራት ነው፣
ማን ያዘዋል? ማንም! ሊሉ።
እኔ ስጠራው ግን ምላሴ ላይ ይላላል ቃሉ፣
ከማዘዝ ወደ መያዝ ይንሸራተትብኛል፤
ማን ያዘዋል? ልል ብዬ፣ ማን ይይዘዋል? ይወጣኛል።

አንድ ማታ ጠይቄው ነበር፦ «ለቀቅከው ወይስ ለቀቀህ?»
ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤
«ብርድ ነው፤ በሩን ዝጊው» አለ። አልጨመረም ከዚህ።

ሌላም አለ።
«ጠፍቷል» ባዩ ጋሽ ይፍሩ በየሐሙሱ ይመጣሉ፣
ያበጠ እግሩን በቅባት ተንበርክከው ያሻሉ፣
አባቴ ይሰድባቸዋል፤ እሳቸውም ይመልሳሉ፤
በሳምንቱ በሶ ቋጥረው ደግሞ በሩን ያንኳኳሉ።
«አይጠፋም» ባዩ ጋሽ ዘውገ፣ ባና አብረውት የረገጡ፣
በስድስት ዓመት አንድ ቀን
እንኳን አልመጡ።

ይህን አፍ አውጥቼ አላልኩም። ሻማው ሊያልቅ ሲል ግን፣
ጋሽ ዘውገ፣ ዓይናቸው መዝገቡ ላይ፦
«እግሩ... አሁንም ያመዋል?»
ዝምታ። ቆርቆሮው ብቻ ይንቋቋል።
«ሐሙስ ና» አሉ ጋሽ ይፍሩ፤ «ቅባቱን አንተ ትይዛለህ።
ተሸነፈልኝ ብለህ ደግሞ! አሁንም ይሰረዝ ነው የምልህ።»

ወጡ። እየተከራከሩ ወጡ፤ ድምፃቸው እስከ አስፋልቱ፦
ውርጭ፣ ሱፍ፣ ውርጭ፣ ሱፍ... ሲርቅ፣ ሲርቅ በሌሊቱ።
ብዕሬ ሞቆ ነበር። «የሚገኝበት» ከሚለው ፊት ለፊት፣
ሁኔታውን ለሚያውቀው ትቼ፣ የማውቀውን ጻፍኩበት፦
«ከወፍጮው ጀርባ። ሦስተኛው ቤት።
በሩ ይጠብቃል፤ ገፋ አድርጉት።»